ጋሼ አንድ ቀረ

እኔ የካርድ ክፍል ሰው ነኝ። የጤና ጣቢያችን በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የኔ መስኮት ነው፤ መጀመሪያ የሚሰደበውም እኔው ነኝ። ካርዱ የጠፋበት፣ ከኋላው የመጣ የቀደመው፣ ዕድሜውን ስጠይቀው እንደ ፖሊስ የሚያየኝ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው የሚወርደው። ታዲያ አፌ ቢከፋ ይፈረድብኛል? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት ተቀምጦ ምላሱ ያልረዘመ ሰው ካለ እሱ ራሱ ካርድ አውጥቶ ይመርመር።

ከኔ ቀጥሎ ያለው የቁስል ክፍሉ ነው። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ቀጭን ጣውላ ስለሆነ እዚያ የሚሰፋ ሰው ሲያቃስት እኔ ጆሮ ሥር ነው የሚያቃስተው። አናቱን የተፈነከተ፣ ጣቱን መጋዝ የገመጠው፣ ሰክሮ ወድቆ ቅንድቡን የተረተረ፣ የሁሉንም ጩኸት ሰምቻለሁ። ከሁሉ አብልጬ የማውቀው ግን የቁስል ሰፊውን ድምፅ ነው። ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ብቻ የሚል ድምፅ ነው።

«አንድ ቀረ።»

አሥራ ሁለት የሚሰፋለትም ሰው፣ ሦስት የሚሰፋለትም ሰው፣ ገና የመጀመሪያው ክር ሳይቋጠር «ስንት ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያው ነው። አንድ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ?» ሲለው፣ አንድ ቀረ። «ቅድምም አንድ ብለኸኝ ነበር እኮ» ሲለው፣ «አዎ፣ አሁን ግን አንድ ቀረ» ይለዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጋሼ አንድ ቀረ ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን ከመዝገብ ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እኔም ብሆን ልጥራው ስል ይጠፋኛል።

ረጅም ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቁስል ላይ ስላጎነበሰ ትከሻው ወደፊት ቀርቷል። መነጽሩ እንዳይወድቅበት ከኋላ በስፌት ክር ያስረዋል። ማደንዘዣውን ከመውጋቱ በፊት ብልቃጡን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ያሞቀዋል፤ ቀዝቃዛው የባሰ ያቃጥላል ይላል። መርፌውን በቁስል መሸፈኛ ጨርቅ፣ በጎዝ፣ ሸፍኖ ከሰውዬው ዓይን ያርቃል። አናጢ ከሆነ ስለ እንጨት ይጠይቀዋል፣ ሾፌር ከሆነ ስለ መንገድ፣ የቤት እመቤት ከሆነች ጎረቤቶቿን ያሳማታል። ወሬው ሲጥም ክሩ ያልፋል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አሥራ አራት ጊዜ አንድ ቀረ ተብሎ ሲወጣ መስኮቴ ላይ ተደግፎ «ይሄን ሰው የመንገድ ሥራ ቢቀጥረው እኮ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ አንድ አድርጎልን እናርፍ ነበር» አለኝ።

ቤቱም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ አስተማሪ ናት፤ አንድ ጊዜ ምሳውን ይዛለት መጥታ «የጓዳውን በር ጠግንልኝ ካልኩት ሁለት ዓመቱ ነው። ስንት ብሎን ቀረህ ስለው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ተያዘ ልጅ መነጽሩን ይጠርጋል።

እኔ እንኳ ነገር የማላሳልፍ ሰው ነኝና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው» ብዬው አውቃለሁ።

«እሜቴ ካርድ» አለኝ። እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «እስቲ ሁለቱን በአንዴ የሰፋሁበትን ሰው አምጪልኝ። አንድ አንድ እያልኩ ነው የምሰፋው። እንግዲህ የሚቀረው ሁልጊዜም አንድ ነው።»

ክርክሩን አልቻልኩትም። እውነተኛውን ምክንያት የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ዝናቡ በሽተኛውን ሁሉ ቤቱ አስቀርቶልን ኮሪደሩ ጭር ባለ ቀን። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ ጭነት አውራጅ እግሩን አካፋ ቆርጦት መጣ። ማደንዘዣ አልቋል። ሦስት ከሰፋለት በኋላ ሰውዬው በላብ ተነክሮ «ስንት ቀረ?» አለው። ጋሼ አንድ ቀረ ያኔ ልጅ ነው፣ መዋሸት አልተማረም፤ ቆጠረና «ዘጠኝ» አለው። ሰውዬው «በቃኝ» ብሎ ክሩ እግሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነስቶ ሄደ። እስከ አስፋልቱ ተከትሎ ለመነው፤ አልሰማውም። ሦስት ወር ቆይቶ ገበያ መሃል አየው። በክራንች ነው፤ እግሩ የለም። «ጭራሽ አላወቀኝም» አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ አሳልፈኝ ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቁጥር ነግሬ አላውቅም።»

እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ውሸቱ አንስቼበት አላውቅም።

አሁን ወደ ሚጣ ልምጣ። ሚጣ የጎሚስታው ልጅ ናት፤ ጎማ ቤቱ ከኛ አጥር ማዶ ነው። ሚጣ የሚሏት ትንሽ ስለሆነች ነው፤ ምላሷን ያየ ግን ሌላ ስም ያወጣላት ነበር። ስድስት ዓመቷ ላይ ደረጃ አገጯን ከፍሎት መጣች። ጋሼ አንድ ቀረ ሰፋላት። በጣውላው በኩል ስሰማ ያንኑ ቃል ስድስት ጊዜ አላት፤ ከሷ ግን ድምፅ የለም። ሲያልቅ አገጯ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫዋን እየሳበች መስኮቴ ሥር ቆመች።

«አንቺ» አለችኝ። አንቱ ማለት አልፈጠረባትም። «ያ ሰውዬ ከአንድ በላይ መቁጠር አይችልም እንዴ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለሱም ሄጄ ነገርኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስታውሳት ብቻውን ሲስቅ እሰማው ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ስድስት ጣቶቿን ዘርግታ አሳይታኝ ነው የሄደችው።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ጎሚስታው ልጁን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። እጁ እስከ ክርኑ በግሪስ ጠቁሯል። የልጅቷ ጉልበት በገዛ ሸሚዙ ተጠቅልሏል፤ ሸሚዙ ቀልቷል። የተነፈሰ ጎማ የሚሞክርበት ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አለው፤ ውሃ የሚሞላው። በሱ ላይ ልትሻገር ስትል ጠርዙ ከጉልበቷ በታች ተርትሯታል። ሰውዬው የጭነት መኪና ጎማ በአንድ እጁ የሚያነሳ ግዙፍ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ጉልበት የከዳው ሰው አላየሁም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ ይላል።

ኃላፊያችን ሲስተር ሸሚዙን ገልጣ አየችና «ይሄ ካልተሰፋ አይሆንም። ጉልበት ነው፤ በታጠፈ ቁጥር ይከፈታል» አለች። ወደ ቁስል ክፍሉ እንዲያስገባት በእጇ አሳየችው።

ሚጣ በሩን ስታይ ከአባቷ እቅፍ ተፈናጥራ ወረደችና የአግዳሚ ወንበሩን የብረት እግር ጥምጥም አለችበት።

«እሱ ጋ አልገባም። ውሸታም ነው።»

ከሰልፉ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። በሩ ክፍት ስለነበር እሱም ሰምቷል። ጓንቱን ባንድ እጁ ብቻ አጥልቆ ወጣና ክው ብሎ ቆመ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ሲረግመው፣ ሲነክሰው፣ ሲረግጠው ሥራዬ ነው ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ይቺ ቃል ግን አንጀቱ ድረስ እንደገባች ፊቱ ላይ አየሁ። ልጅቷን ብቆነጥጣት ደስ ባለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ የተናገረችው እውነት ነው።

«አንሶላ አምጡ» አለች ሲስተር። «ጠቅልለን እንያዛት።»

አስቸጋሪ ልጅ ሲመጣ እንደዚያ ነው የሚደረገው። እሱም አድርጎት ያውቃል፤ በጣውላው በኩል የሰማኋቸው እነዚያ ጩኸቶች ቤቴ ድረስ ተከትለውኝ ሄደው ያውቃሉ።

«አይሆንም» አለ። «ተይዛ ብትወራጭ የሰፋሁትን ትቀደዋለች።» ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ከፊቷ ተቀመጠ። ዕድሜው ወለል ላይ የሚያስቀምጥ አይደለም፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሚጣ የወንበሩን እግር እንደያዘች ባንድ ዓይኗ ታየዋለች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«የምትሰፋው። የእውነቱን።»

ሲስተር ቸኩላለች፤ ከኋላው ሆና «አንድ ነው በላትና ግባ እንጂ» አለችው። እሱ ግን አፉ አልተከፈተም። ያቺን ዝምታ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥሩን ሰምታ ብትሄድስ? አባቷ እንደሁ አይችላትም። ቁስሉ እንደተከፈተ አመርቅዞ፣ ያ ጉልበት ተበላሽቶ፣ ከአጥሩ ማዶ ስታነክስ ዕድሜውን ሙሉ ሊያያት ነው። ቢዋሻት ደግሞ እሷ ጣት ላይ ነው የሚቆጠረው።

ሸሚዙን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ቁስሉን አየ። በዓይኑ ለካ። «ዘጠኝ» አለ።

ከቁጥር ሁሉ ያንኑ የጭነት አውራጁን ቁጥር አመጣበት።

«ዘጠኝ ብዙ ነው» አለች።

«አዎ፣ ብዙ ነው።»

«ያማል?»

«መጀመሪያ ማደንዘዣ እወጋሻለሁ። እሱ ያቃጥላል፣ በጣም ነው የሚያመው። ከዚያ በኋላ ክሩ ሲጎተት ይሰማሻል። እሱም ትንሽ ትንሽ ያማል።»

ይህን ሁሉ ከሚናገር ጥርሱን ቢያስነቅል ይቀለው ነበር። ሚጣ አሰበች። አባቷን አየችው፣ በሩን አየችው፣ ጉልበቷን አየችው።

«ማንም አይያዘኝ።»

«እሺ።»

«ቆይ ስልህ ትቆማለህ።»

«እሺ።»

«የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንተ አትቆጥርም።» ከዚያ ጣቷን ወደ መስኮቴ ቀሰረች። «እሷም ገብታ ትጻፍ። እሷ ቁጥር ትችላለች።»

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት መስኮቴን ዘግቼ አላውቅም። ዘጋሁት። ሰልፉ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ እሳት ተነሳ?» አሉኝ፤ «ተነስቷል፣ አባባ» ብያቸው እስክሪብቶና አንድ ባዶ ካርድ ይዤ ገባሁ።

ከጎኑ ሆኜ ሲሰራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የማውቀው በጆሮዬ ነው። ቁስሉን ሲያጥበው እንዴት እንደሚጠነቀቅ፣ ብልቃጡን መዳፉ ውስጥ ሲያሞቅ ዓይኑን እንዴት እንደሚጨፍን አየሁ። መርፌውን በጎዝ ሊሸፍን ሲል ሚጣ «አትደብቀው» አለችው፤ አልደበቀውም። ማደንዘዣው ሲገባ የጮኸችው ጩኸት እስከ ጎማ ቤቱ ሳይሰማ አይቀርም። አባቷን ክንዱ ላይ ነከሰችው። ግን እግሯን ከተዘረጋበት አላነሳችም።

«አንድ» አለች፣ የመጀመሪያው ክር ሲቋጠር። ጻፍኩ።

«ሁለት።» ጻፍኩ።

ሦስት ላይ ጎሚስታው እንደ ተነፈሰ ጎማ ግድግዳውን ታክኮ ወደታች ወረደ። ሲስተር ሌላ ሰው ጠርታ በብብቱ እየጎተቱ አወጡት። ሚጣ ቀና ብላ አየችና «አባዬ ደም አይችልም፤ ተዉት፣ ይነሳል» አለች። አራት። አምስት። ስድስት።

«ቆይ።»

እጁ ባለበት ቆመ። መርፌው በመያዣው እንደተያዘ፣ ከቁስሉ አንድ ጣት ርቆ። ሚጣ ጣሪያውን እያየች ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ከወዲያ መስኮቴ ይደበደባል፤ «ኧረ የካርድ ያለህ» ይላሉ። ሲስተር አንገቷን አስገብታ «ምን ትጠብቃለህ? ማደንዘዣው ሳይለቅ ጨርስ እንጂ» አለችው።

«ቆይ ብላኛለች» አለ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

ሲስተር በሩን ክፍት ትታው ሄደች። ሚጣ በሩን አየችው። የሚይዛት ሰው የለም፤ አባቷ ውጭ ወድቋል፣ እኔ እስክሪብቶ ይዣለሁ። እሱም ማየቷን አይቷል፤ ዓይኑን ከገዛ እጁ ላይ አልነቀለም። ያን ያህል የረዘመ ደቂቃ አላሳለፍኩም።

«ስፋ» አለች።

ሰባት። ስምንት። ዘጠኝን ስትል ድምፅዋ ኮሪደሩ ውስጥ ተሰማ፤ እኔም ዘጠኝን ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ደስ ብሎኝ ልስማት ነበር። ሚጣ ጫማዋን ትፈልጋለች።

እሱ ግን መርፌውን አላስቀመጠም። ጉልበቷን ቀስ አድርጎ አጠፍ ሲያደርገው፣ ከዳር በኩል፣ የሰፋው ካለቀበት አልፎ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ ነገር ተከፈተች። ሲዘረጋው ተዘጋች። መልሶ አጠፈው፤ ተከፈተች። እኔም አየኋት። እሱም እንዳየሁ አየ።

አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ ያወቅኩት ከሱ ቀድሜ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ያቺ ቃል እውነት የሆነችበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ እሷን ደግሞ ለዚች ልጅ በምን አፉ ይንገራት? ከንፈሩ ላይ ደርሳ ስትመለስ አየኋት።

«በፕላስተር ያዘው» አልኩት በሹክሹክታ። «ማን ያየዋል?»

ራሱን ነቀነቀ። «ሚጣ» አለ።

«ምን?»

«ተሳስቻለሁ። ዘጠኝ አልኩሽ እንጂ አስር ነው የሚያስፈልገው።»

ጫማ መፈለጓን ተወች። ፊቷ ጥቁር አለ። ወደኔ ዞረች። «ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

«ዘጠኝ» አልኩ። ስናገር እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

«አልዋሸሁሽም» አላት። «ውጭ ሳየው ዳሩ ተጣብቆ ስለነበር አልታየኝም። ነይ፣ ራስሽ እይው።» በክንዱ ጀርባዋን ደግፎ አስቀመጣትና ጉልበቷን አጠፈላት። ሚጣ አጎንብሳ አየች። ሲዘጋም አየች፣ ሲከፈትም አየች።

«ካልተሰፋስ?»

«ስትሮጪ ከዚያ ይጀምርና ይተረተራል።»

«ብሄድስ? ትይዘኛለህ?»

መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«አልይዝሽም» አለ።

በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል፤ ልጅቷ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ጋደም አለች። እግሯን ዘረጋችው።

«እሺ» አለች።

መርፌውን አነሳ። ያ እጅ ሰካራም ሲራገጥም፣ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሰፋም ተንቀጥቅጦ አያውቅም ይባላል። አሁን ተንቀጠቀጠ። አንዴ ሞከረ፣ ሳተ። መነጽሩ ጉም ለበሰ፤ ከሥሩ እንባው እየወረደ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛው ላይ ይጠፋል። ልጥረገው እንዳይል ሁለቱም እጁ ጓንት ውስጥ ነው።

ሚጣ ቀና አለች። የሚንቀጠቀጠውን እጁን አየችው። ከዚያ በግሪስ የቆሸሸች ትንሽ እጇን ሰደደችና ከጓንቱ በላይ፣ ክንዱ ላይ አሳረፈችው።

«አይዞህ» አለችው። «ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብሎ ሰፋት። እሷ «አስር» ስትል እኔም ጻፍኩ፤ ካርዱ በደንብ ስላልታየኝ ከመስመሩ ውጭ ነው የጻፍኩት።